የሁዳዴ ቁርስ

፩

«የትኛውን ነው የዋጡት?»

«ነጯን።»

«የት የነበረችውን?»

«ከማበጠሪያሽ አጠገብ፣ ትንሿ ሳህን ላይ ያለችውን። አንቺ ውሃ ልትቀጂ ስትወጪ ራሴን ወጥሮ ያዘኝ፤ አየኋትና ዋጥኳት። ፓራሲታሞል አይደለችም እንዴ?»

«እትዬ አሰገደች፣ እሷ የኔ ናት።»

«ያንቺ መሆኗንማ አውቃለሁ፤ ካንቺ ቤት አይደል ያነሳኋት? ነገ ገዝቼ እተካልሻለሁ።»

«አይተኩም።»

«ለአንዲት ክኒን እንዲህ ትኮሳተሪብኛለሽ?»

ትርንጎ የውሃውን ጆግ አስቀምጣ አጠገቤ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች።

«ሱቅ አይሸጧትም» አለች። «የአእምሮ ናት።»

፪

በእኛ ግቢ ክኒን እንደ በርበሬ ነው፤ የጎደለበት ከጎረቤት ይበደራል። የወገብ፣ የጨጓራ፣ የጉንፋን፤ ማን ምን እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን። የትርንጎን ግን አላወቅንም ነበር። ባለፈው ዓመት ታማ ሐኪም ቤት መግባቷን እናውቃለን። የሰጧትን ጨርሳ የዳነች ነበር የመሰለን። እኛ የምናውቀው ሕመም ክኒኑ ሲያልቅ አብሮ የሚያልቅ ነው።

ነጯን ክኒን የዋጥኩ ቀን ከሰዓቱን ሙሉ ተኛሁ። ስነቃ የትርንጎ እጅ ግንባሬ ላይ ነበር። ታማሚዋ እሷ፣ የተኛሁት እኔ።

«አዩት?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ዓለሙ ጥጥ ሲሆን።»

ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ አሰገደች። የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። በቁጥር በቁጥር የከፋፈልኩት አዋቂ ለመምሰል አይደለም። ትርንጎ ሹሩባ ስትሠራ ጠጉሩን መጀመሪያ ለየብቻ ትከፍለዋለች፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ማጅራት ላይ ይገናኛል። የኔም ይገናኝ እንደሆነ እናያለን። ካልተገናኘ ሻሽ አለ።

፫

አቀማመጥ።

ምንጣፉ ላይ ቁጭ በይ። ጀርባሽን ለሠሪዋ ስጪ። ጉልበቶቿ መሃል ግቢና ዝም በይ። (ወንድ ከሆንክ ይቺን ቁጥር ዝለላት፣ ወይም ሚስትህን ጠይቅ።)

ዞረሽ አትዪ።

ከኋላሽ ምን እያደረገች እንደሆነ አታይም። ታልቅስ፣ ትሳቅ፣ አታይም። ያለሽ እጇ ብቻ ነው። እጇን ግን ጭንቅላትሽ ያውቀዋል። ትርንጎን ሕመሟ ሲያነሳት ትጎትታለች፤ ዓይንሽ ወደ ጆሮሽ ይሳባል፣ መስመሩ ግን በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ሲጥላት ጉንጉኑ ይላላል፣ ሳትጨርሰው ይፈታል። ክኒኑን ስትወስድ እጇ ይንቀጠቀጣል።

ሦስቱም በኔ ጭንቅላት ላይ አልፈዋል።

፬

ሐኪሙ ባይፖላር ነው ብሏታል። ሰውየውን አንዴ ሰማይ ላይ ያወጣዋል፣ አንዴ ጉድጓድ ይከተዋል፤ እንዲህ ነው ያስረዳት።

እውነቱን ልናገር? ሰማይ ላይ ስትሆን እንወዳት ነበር። አጥሩን በራሷ ገንዘብ ቢጫ ቀለም የቀባችው ያኔ ነው። የግቢውን ሴት ሁሉ በነጻ ትሠራለች፣ ትዘፍናለች፣ ታስቀናለች። እማማ ሙላቷ፣ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ማን ገባ ማን ወጣ የሚሉት የግቢያችን ዘበኛ፣ ከእሷ ጋር ሲጨፍሩ አይተናቸዋል። «ምን ቀምሳ ይሆን፣ ለኛም በሰጠችን» እያልን እንስቅ ነበር።

ክረምት ላይ ልጇን ሐመልማልን ይዛ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄደች። «መኪና ገዝቻለሁ፣ ይዤው እስክመጣ እዚች ጠብቂኝ» አለቻት። ሐመልማል ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጠበቀች። ዝናብ መጣ፤ ጠበቀች። ሙዝ የምትሸጥ ሴት ላስቲኳን አጋርታት፣ ሲመሽ ቤታችሁ የት ነው ብላ እጇን ይዛ አመጣቻት። ትርንጎን ገበያ መሃል ነው ያገኘናት። የማታውቃቸውን ሴቶች እያስቀመጠች ሹሩባ ትሠራለች።

ያኔ አልሳቅንም።

፭

ከዚያ ወደቀች።

ተኛች።

ተኛች።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ

ተኛች። የአገሩን ጠጉር የምትሠራው ሴት የራሷ ጠጉር ተድበልብሎ ማበጠሪያ አልገባ አለ። እኔ ነኝ በመቀስ የቆረጥኩላት።

ታላቅ እህቷ ዘርፌ ከሰንዳፋ መጥታ እሷን ሐኪም ቤት አስገባች፣ ሐመልማልን ይዛ ሄደች።

፮

ስልክ። ሁዳዴ ሊገባ ሲል።

ዘርፌ፦ እትዬ፣ እየዋጠች ነው?

እኔ፦ ደህና ናት።

ዘርፌ፦ እሱን አይደለም የጠየቅኩት።

እኔ፦ እንግዲህ አፏን ከፍቼ አላይ!

ዘርፌ፦ ለፋሲካ ሐመልማልን ይዣት እመጣለሁ። እየወሰደች ከሆነ ልጅቷ እዚያው ከእናቷ ጋር ትቀራለች። ካልሆነ ዶሮዋን በልተን ይዣት እመለሳለሁ። እርስዎ አይዋሹኝም ብዬ ነው።

እኔ፦ ማን ነገረሽ?

ዘርፌ፦ (አልሳቀችም።)

፯

ያኔ ትወስድ ነበር። በዚያው ሰሞን ጉልበቷ መሃል ቁጭ ብዬ፦

እኔ፦ ቀስ በይ እንጂ፣ ጆሮዬን በማበጠሪያ ልትነቅይው ነው።

ትርንጎ፦ ቀስ ብያለሁ። እጄ ነው።

እኔ፦ ብርዱ ነው?

ትርንጎ፦ ክኒኗ ናት። መስመሩ ይታየኛል፣ እጄ ግን ሌላ ጋ ይሄዳል።

እኔ፦ ማን ያየዋል? ሻሽ አስርበታለሁ።

ትርንጎ፦ እኔ አየዋለሁ።

ትርንጎ፦ ድሮ አንድ ሰው መጥቶ ሲቀመጥ ገና ሳልነካው ሹሩባው አልቆ ይታየኝ ነበር። አሁን ጭንቅላት ሳይ ጭንቅላት ነው የሚታየኝ።

እኔ፦ የኔማ ከዚያ አያልፍም።

(ሳቋ በጉልበቷ በኩል ትከሻዬ ላይ ተሰማኝ። አጭር ነበር።)

ትርንጎ፦ ባለፈው ለሙሽራ ጠርተውኝ ነበር። ሚዜዋ በመስታወት አየችና «ትንሽ ተጣሟል» አለች። ሌላ ሠሪ ጠሩ። ሂሳቤን ግን ሰጡኝ፤ እሱ ነው የባሰብኝ። እትዬ፣ ስወስዳት እጄ የኔ አይደለም። ካልወሰድኳት ደግሞ…

እኔ፦ ልጅሽ።

ትርንጎ፦ እሷን አያንሱብኝ። ጣቴ ይበልጥ ይንቀጠቀጣል።

፰

ሁዳዴ ገባ።

ክኒኗ ጠዋትና ማታ ነው፤ ሁለቱም ከምግብ በኋላ። ትርንጎ መጀመሪያ ሰሞን በባዶ ሆዷ ሞከረች። ከቧንቧው ሥር ተደፍታ ስታስመልስ አገኘኋት። የማታውን ብቻ ብትወስድስ? ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ሐኪሙ «ግማሽ መውሰድና አለመውሰድ ያው ነው» ብሏታል። የንስሐ አባቷስ? ጠይቃቸዋለች። «ለታመመ ሰው ጾም የለም፣ ብዪና ዋጪ» ብለዋታል። ሐኪሙም ቄሱም ተስማምተዋል። ያልተስማማው ግቢው ነው።

የእኛን ግቢ ስለማታውቁት ልንገራችሁ። ሰባት ቤት አንድ ቧንቧ፣ አንድ በር። በሁዳዴ ጠዋት ምድጃ የለኮሰ ሰው ሽታው ይናገርበታል። ሕፃን ይበላል፣ ያረገዘች ትበላለች። ባል የሌላት፣ ሕፃን የሌላት ሴት ቁርስ ከበላች ግን እማማ ሙላቷ ከፀሐያቸው ሳይነሱ ይጠይቃሉ።

አንድ ጠዋት ምድጃ ስትለኩስ ጠይቀዋታልም፦ «ትርንጎዬ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ልንል ነው እንዴ?»

«ወይ አረገዝኩ ልበል፣ ወይ አበድኩ ልበል» አለችኝ። «ከሁለቱ የቱን ይመርጡልኛል?»

፱

(ይቺ ቁጥር ጾመኛ ናት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶዋን ትቆያለች።)

 

 

፲

የሁዳዴ አጋማሽ ላይ ተሠራሁ። ትርንጎ ስትጨርስ ፊቴን በመስታወት አየሁ።

መስመሩ ቀጥ ብሏል። አንድም ጉንጉን አልተጣመመም። ዓይኔ ወደ ጆሮዬ ተስቧል።

ሕይወቴን ሙሉ እንዲህ አምሮብኝ አያውቅም።

መስታወቱን ይዤ ማልቀስ ጀመርኩ። «ሲሳብ ነው፣ ዓይኔን ወጠረው» አልኳት።

፲፩

«አቁመሻል።»

«ማን ነገረዎት?»

«ጭንቅላቴ።»

ማበጠሪያዋን መጥረግ ቀጠለች። ግቢው በር ላይ ሌሎች ሁለት ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ። ለፋሲካ ከወዲሁ ቀጠሮ ያስያዙም አሉ። በዚያ ሰሞን ትርንጎ ቶሎ ቶሎ ታወራለች፤ ምሳዋን ትረሳለች፤ በሩንም ቢጫ ልትቀባው አስባለች።

«ጾሙ ነው» አለች።

«ጾሙ ሰበብ ነው።»

«ጾሙ ነው እኮ እትዬ! ለጾሙ ብዬ…»

«አንቺ ትርንጎ፣ እኔን? አምና ሁዳዴ ላይ በቅቤ የተሠራ ሽሮ ሳትደብቂኝ የበላሽ ሴት?»

ልትስቅ ነበር። አልሳቀችም። ሁለት እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው። ጸጥ ብለዋል።

«ይዩዋቸው» አለችኝ። «ይዩዋቸው እስቲ። ስንት ጊዜ ሆኗቸዋል እንዲህ ከሆኑ። ትንሽ ብቻ፣ እስከ ፋሲካ ብቻ ብሠራባቸው ምን አለበት? የቤት ኪራዬን፣ የእሷን ቀሚስ…»

«ለፋሲካ ማን እንደሚመጣ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅሽ ጥሩ።»

«ብትመጣ ደግሞ በሚንቀጠቀጥ እጅ ነው ጠጉሯን የምሠራት። እንዲህ ሆና ትምህርት ቤት ትሂድ? 'ማን ሠራሽ' ሲሏት 'እናቴ' ትበል?»

እናንተ መልስ ካላችሁ እዚህ ጻፉላት፦

 

 

፲፪

በማግስቱ ጠዋት ቅንጬ አፈላሁ። በዘይት፣ በጥቁር አዝሙድ፣ ሽታው አጥሩን ዘሎ አስፋልት እስኪደርስ። ከነድስቱ አቅፌው በግቢው መሃል አለፍኩ።

እማማ ሙላቷ ፀሐያቸው ላይ ናቸው።

«አሰገደች! ጾም አይደል እንዴ?»

«ጨጓራዬ ተነሳብኝ፣ እማማ!» ሰባቱም ቤት እንዲሰማ ጮህኩ። «ሐኪሙ ጠዋት ጠዋት ብዪ ብሎኛል!» ከልጅነቴ ጀምሮ ሁዳዴን አንድ ቀን ፈትቼ አላውቅም። ጨጓራዬ ደግሞ የአህያ ጨጓራ ነው።

እማማ ሙላቷ እጄን ልብ ብለው አዩት።

«ለጨጓራ ሁለት ማንኪያ ነው ያዘዘልሽ?»

«አንደኛው መለዋወጫ ነው» ብዬ ገባሁ።

ትርንጎ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ነበረች። ድስቱን አየች፣ እኔን አየች። ትንሿን ሳህን ከመደርደሪያው አወረድኩና ከመድኃኒቷ አንዲት ነጭ ክኒን አውጥቼ አደረግኩባት፤ ውሃም ቀዳሁ። መጀመሪያ እኔ ጎረስኩ። ሁለተኛውን ማንኪያ ለእሷ ዘረጋሁላት።

«አሁን ሁለታችንም በላተኞች ነን» አልኳት። «እስከ ፋሲካ በየጠዋቱ እመጣለሁ። ለእማማ ሙላቷ እኔ እበቃለሁ።»

ማንኪያውን ተቀብላ «ይዙሩ፣ እዚህ ጋ ላልቶብዎታል» አለች።

አልላላም ነበር። ዞርኩላት። ጉልበቶቿ መሃል ገባሁ። ቅንጬው፣ ሳህኗ፣ ውሃው፣ ትርንጎ፣ ሁሉም ከኋላዬ ሆኑ። ደንቡን ነግሬያችኋለሁ፤ ዞሮ ማየት የለም።

እጇ አንዲት ጉንጉን ፈታ። ቆመ።

ማንኪያ ድስት ሲነካ ሰማሁ።

ብርጭቆ ሲነሳ ሰማሁ። ወይም ሲቀመጥ።

ስልኬ ጠራ። ዘርፌ ናት። ጥያቄዋን አውቀዋለሁ፤ እንደማልዋሻትም ታውቃለች። ስልኩን ይዤ ግድግዳውን እያየሁ፣

«ምን ልበላት?» አልኩ።

ከኋላዬ፦

«ቅንጬው ጨው ያንሰዋል ይበሏት።»