መንታው የጠፋበት ጋሼ ካልሲ

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል፤ በዚህ ሂሳብ የወጣቶች ክፍሉ ባለሙያ አፍ ዝንብ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስለ ሰው ሥነ ልቦና ስትማር እጇን ያወጣችው ሁለቴ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ መስኮት እንዲዘጋ ለመጠየቅ። እንዲህ ያለችዋን ልጅ ነው እንግዲህ የእርዳታ ድርጅቱ ጦርነት አፈናቅሎ መጠለያ ጣቢያ ካስገባቸው ሠላሳ ወጣቶች ጋር ስለ ስሜታቸው አውሪ ብሎ የላካት።

ሁለት ሳምንት ተፋጠጡ። እሷ ወለሉን ታያለች፣ እነሱ ጣሪያውን። ከተራራው ማዶ መድፍ ሲያጓራ ብቻ ዓይን ለዓይን ይገጣጠማሉ፤ ከዚያ ሁሉም ወደየወለሉና ወደየጣሪያው ይመለሳል።

የሥራ መመሪያው ግን መላ ነበረው፤ ከልጅ ካልሲ አሻንጉሊት ስፉ፣ ሕፃን ይምሰል፣ ወጣቶቹ እንደ ታላቅ ያጽናኑት ይላል። የልጅ ካልሲ ከየት ይምጣ? ሻንጣዋ ውስጥ የተገኘው እናቷ በስህተት የከተተችው የአባቷ ግራጫ ካልሲ ነበር፤ እሱም አንድ እግሩ ብቻ። አንድ ጥቁር፣ አንድ አረንጓዴ ቁልፍ ለዓይን ሰፋችለትና በእጇ አጥልቃው ገባች። ድሮ ተረከዙ ላይ የተጣፈው እራፊ ጨርቅ አሁን ግንባሩ ላይ ተሸብሽቦ ቁጭ ብሏል።

ወጣቶቹ ሽበቱንና የተሸበሸበ ግንባሩን አዩና አንድ በአንድ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ይቀመጡ ጋሼ» አለች፣ በክርክር የሚችላት ጠፍቶ ጠበቃዋ የተባለችው ልጅ፣ ወንበር እየሳበች።

ባለሙያዋ ሕፃን ነው ብላ ልታርም አፏን ከፈተች። እንደ ልማዱ ምንም አልወጣም። ካልሲው ግን በአባቷ ጎርናና ድምፅ፣ «ተቀመጡ ልጆቼ፣ እኔንም ጉልበቴን አሞኛል» አለ። ጉልበት እንደሌለው ማንም አላነሳበትም።

ጠበቃዋ ቤተሰብ እንዳለው ጠየቀችው።

«መንታ ነበርን» አለ ጋሼ ካልሲ። «አንድ ቀን ልብስ ሲታጠብ አብረን ወጣን። እሱ አልተመለሰም። እስከ ዛሬ የማስጫውን ገመድ ባየሁ ቁጥር እፈልገዋለሁ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ ከኋላ የተቀመጠው ረዥሙ ልጅ የእሱም ወንድም ድልድዩ ላይ ከተለያዩ ወዲህ እንዳልመጣ ተናገረ፤ ለካልሲው፣ ያውም በአንቱታ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼን ማናገር በወረፋ ሆነ። የኳስ ጠብ እንኳ ሳይቀር እሳቸው ዘንድ ይቀርብ ጀመር።

ጋሼ በመጡ በሦስተኛው ሳምንት የመጠለያው አስተባባሪ መጣ፤ ፊቱ እንደ ማኅተም የጠጠረ ሰውዬ። ክፍሉ ከሰኞ ጀምሮ የብርድ ልብስ መጋዘን እንደሚሆን ነገራቸውና ወደ ባለሙያዋ ዞሮ የምትቃወምበት ምክንያት እንዳላት ጠየቃት። ምክንያትስ ሞልቷት ነበር፤ ዓይኗን ግን እንደ ድሮው ወለሉ ላይ ተከለች። ሠላሳ ጥንድ ዓይን አያት። ጠበቃዋ ቀስ ብላ ካልሲውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችላት።

እጇን አስገባች።

«ስማኝ ልጄ» አለ ካልሲው አስተባባሪውን። «ብርድ ልብስ የትም ያድራል። የእነዚህ ልጆች ወሬ ግን ከዚህ ሌላ ማደሪያ የለውም።»

አስተባባሪው አንዴ እሷን አንዴ ካልሲውን አየ። ደንቡ ለእሷ መመለስ ነው፤ በዕድሜ የሚበልጠው ግን ካልሲው ነበር።

«ዝናቡ ደረሰ እኮ ጋሼ፣ ብርድ ልብሱ ይበሰብስብኛል» አለ።

«ሦስት ወንበር ይዘህ ብቻህን የምትቀመጥበት ቢሮስ?»

ሩብ ሰዓት ተከራከሩ። አስተባባሪው ተረታ፤ ሲወጣም ለካልሲው እጅ ነሥቶ ነው የወጣው። ባለሙያዋ የገዛ እጇን እንደ ባዳ እያየች ቀረች።

ሰኞ ብርድ ልብሱ ቢሮውን እስከ መስኮቱ ሞላው። ሐሙስ ዕለት አስተባባሪው፣ ኮቱ ላይ የብርድ ልብስ ክር እንደተጣበቀ፣ የወጣቶች ክፍሉ በር ላይ መጥቶ ቆመ። ከኪሱ አንድ ቡናማ ካልሲ አወጣ።

«ይሄም ብቻውን ነው የቀረው» አለ፣ ለጋሼ ካልሲ።

«ቁልፍ አለኝ» አለች ባለሙያዋ። «ዓይኑ ምን ዓይነት ይሁን?»

አስተባባሪው ማን እንደተናገረ ለማወቅ ካልሲውን አየ። ጋሼ ካልሲ ባዶውን ወንበሩ ላይ ጠፍጠፍ ብሎ ተኝቷል።