ነብሮ ማነው?

በስልኬ የምጫወተው ጌም ላይ ነብሮ የሚባል ሰው፣ “ሰይፍሽን ስጪኝና ፈረሴን ውሰጂ” አለኝ። ለልውውጡ ስልክሽ ላይ የሚገባውን ኮድ ላኪልኝ ሲለኝ፣ እኔ ጅሏ ላክሁለት። አካውንቴን ይዞት ጠፋ። ወንድሜ አክመል ከኔ ብሶ ሰደበው።

በማግስቱ ቡራዩ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ታመሰች፤ ሱቃችንን ዘጋን፣ የሞባይል ዳታም ተቋረጠ። መንገድ ሲከፈት አስኮ ወርጄ ዋይፋይ ያለው ካፌ ገባሁ። ለማንም ክፍት የሆነውን የአካውንቴን ገጽ ሳየው፣ ነብሮ መጫወት ያቆመው ልክ ቡራዩ ዳታ በተቋረጠበት ሰዓት ነው። ሌባው የኛው ሰፈር ሰው ነው ማለት ነው! ደሜ ፈላ፤ ማንነቱን ለማወቅም ጓጓሁ።

የይለፍ ቃሉን ልቀይር ስል ጌሙ ነብሮ አካውንቴን ከወሰደ በኋላ ራሱ የሞላውን የደህንነት ጥያቄ አመጣብኝ፦ “የእናትህ የቤተሰብ ስም ማነው?” እኛ ጋ እናት ስታገባ ስሟን አትቀይርም፤ ስለዚህ ሁሉም የሚሞላው የእናቱን አባት ስም ነው። የማውቃቸውን የሰፈር ሽማግሌዎች ስም ሞከርኩ። ኢቲቻ፣ ቦሩ፣ ዲኖ፤ ሁሉም እምቢ አለ። በንዴት የራሴን እናት አባት ስም ጻፍኩ።

ተከፈተ።

የይለፍ ቃሉን ቀይሬ ቤት ስገባ አክመል፣ “እሺ፣ ሌባው ታወቀ?” አለኝ።

“አዎ” አልኩት። “አያታችን ጠቆሙኝ።”