የጣርማ ሽኝት

ጣርማ የምትባለው አገር ከአምስቱ አገሮች ኅብረት የምትወጣው በእግሯ እንደሆነ በበግ ሞራ ላይ ታየ።

ያየው ሞራ ገላጩ ሽማግሌ ቢያድግልኝ ነው። በጉን ያሳረደው የኅብረቱ ሹም ሲሆን፣ ሽማግሌው ሞራውን ወደ ፀሐይ ዘርግቶ እስኪያይ ድረስ ባርኔጣውን አውልቆ ጠበቀ።

«አባባ፣ ጦርነት ይታይዎታል?»

«የለም።»

«ታዲያ አወጣጧ እንዴት ነው?»

«ሐሙስ ገበያ ሲፈታ ብድግ ትላለች። ትሄዳለች።»

«ወዴት?»

«እሱን በጉም አያውቅ።»

ሹሙ አመስግኖ ሄደ። ቢያድግልኝ ያልነገረው አንድ ነገር ነበር። ወሰኑ የሚያልፈው በገዛ ቤቱ መሐል ነው፤ መደቡ የኅብረቱ፣ ጓዳው የጣርማ። ጓዳው ውስጥ ደግሞ ሚስቱ የሻረግ ጠላ ጠንስሳለች።

ከጓዳው በር ላይ ቆመ።

«የሻረግ፣ ሐሙስ ጓዳው ይሄዳል። ውጪ።»

«ጋኑስ?»

«ይቅር።»

«የተጠነሰሰ ጋን ተትቶ ይወጣል? ወይስ ይነቃነቃል? አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜህን ሙሉ ጠጥተህ ይቺን አታውቅም?»

ጋኑን በበሩ አሻግሮ አየ።

«ከጨነቀህ አንተ ግባ» አለችው።

«ወንድ ጓዳ ይገባል እንዴ?»

«እንግዲያው ቻለው» አለችና ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ያለ እሷ አንድም ቀን አድሮ አያውቅም።

ሐሙስ ገበያ ሲፈታ ጣርማ ብድግ አለች። ላሞቿ መጋጣቸውን አላቋረጡም። ጓዳው ጭቃው ቀጭ ብሎ ከቤቱ ተለየ፤ የሻረግ ጋኗን እንዳቀፈች ታየች።

ቢያድግልኝ ዱላውን አንሥቶ ከጎኗ መራመድ ጀመረ። ሂያጅን መሸኘት ወግ ነው፤ ሸኚ የሚመለሰውም ሂያጁ «ይበቃል፣ ተመለስ» ሲለው ነው። የሻረግ አላለችም። ጣርማም አላለች። ስለዚህ ሄደ። መሸ፣ ነጋ፤ አሁንም ሄደ።

«ደከመህ?»

«ምን ሊያደክመኝ።»

ጠላው ሲደርስ በተሰነጠቀው ግድግዳ በኩል በጣሳ አቀበለችው። እየተራመደ ጠጣ።

«እንዴት ነው? ጌሾው በዛ?»

«ልክ ነው» አለ። ከዚያ አንዴ ተጎንጭቶ፣ «ተመለስ እንዳትይኝ» አላት።

«ማን ሊልህ!»

ጣሳውን ሲመልስላት ወደ ኋላ ዞር አለ። የቀሩት አራት አገሮች ተነሥተው፣ ተራሮቻቸውን እንደ ለቀስተኛ ዝቅ አድርገው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ለሽኝት እየተከተሉ ነበር። ከእነሱ ኋላ መሬት የሚባል አልነበረም።