ትንሽ ጨው የጎደለው ይመስለኛል

ዶንካን የማውቃት ከካሜራ ጀርባ ቆሜ ነው። ዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው ሩሴ ከተማ፣ በአንዲት ትንሽ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ «የዶንካ ማድ ቤት» የሚባል የቀጥታ ስርጭት ነበረን፤ እሷ ታበስላለች፣ እኔ ኢስክራ እቀርጻለሁ። ቀረጻ ቀላል ሥራ ነው የሚል ሰው ካለ ዶንካን ለአንድ ቀን ባስረከብኩት። ሽንኩርት እየከተፈች ታወራለች፣ እያወራች ትዞራለች፣ ስትዞር መሳቢያውን በዳሌዋ ትዘጋለች፣ የከተፈችውን ድስት ውስጥ ሳትጨምር ወደ ማቀዝቀዣው ትበራለች። እኔ ካሜራዬን ተሸክሜ እንደ ጥጃ ስከተላት እውላለሁ።

የከተማው ሴቶች ይወዷት ነበር። በሚዛንና በመለኪያ አትሠራም። በማንኪያ ጫፍ ትቀምስና ዓይኗን ጨፈን አድርጋ «ትንሽ ኮምጣጤ» ካለች፣ በየቤቱ ትንሽ ኮምጣጤ ይጨመራል። የዶንካ ምላስ አይሳሳትም ይባል ነበር።

ነሐሴ ላይ ጉንፋን ጥሏት ሰነበተ። ሲለቃት አፍንጫዋን ይዞት ሄደ።

ይህን ያወቅሁት ገመድ ፍለጋ የዕቃ ክፍል ስገባ ነው። ዶንካ መሬት ላይ ተንበርክካ ዙሪያዋን ብልቃጥ ደርድራለች፤ ኮምጣጤ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የወለል ማጽጃ ሳይቀር። አንዱን ከፍታ ታሸታለች፣ ትዘጋለች፣ ሌላውን ትከፍታለች።

«ምን ጠፍቶብሽ ነው እትዬ ዶንካ?» አልኳት።

«በሩን ዝጊው።» ዘጋሁት። የተወቀጠውን ነጭ ሽንኩርት አፍንጫዬ ላይ ደቀነችው። «ይሸታል?»

«ዓይን ያወጣል እንጂ!»

«ለኔ ውሃ ነው። ውሃ! ምላሴም አብሮ ደንዝዟል፤ ጨውና ስኳሩን ከጎረቤት ቤት እንደሚሰማ ወሬ ነው የምሰማው።» ብድግ አለች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሣች። «ሐኪሙ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፣ ትዕግሥት ነው አለኝ። ለኔ ትዕግሥት! ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። ሎዛን ከሰማ በማግስቱ በቦታዬ ሌላ ሴት ያቆማል።»

ሎዛን አለቃችን ነው። እውነቷን ነበር፤ ያደርገዋል። ዝም ልል ቃል ሰጠሁ።

ከዚያ በኋላ ያየኋት ሰው ሌላ ናት። ድሮም አትቀመጥም፤ አሁን ግን ቆማም መቆም አቃታት። የናፍጣ ሽታ ቢመለስልኝ ብላ የባሏን የኦግኒያንን አውቶቡስ ሞተር ከፍታ ታሸታለች። ዳኑብ ዳር ወርዳ የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ ውስጥ አንገቷን ታስገባለች። ስርጭት ላይ ግን እንደ ድሮው ትቀምሳለች፣ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች፣ ትስቃለች። ለብዙ ዓመት ያበሰለችውን እጇ ያውቀዋልና ለጊዜው አላሳፈራትም።

ቤቷ ውስጥ ደግሞ ከሎዛን የባሰ ዳኛ ነበረባት፤ ፎቁ ላይ የሚኖሩት አማቷ እማማ ዛፊራ። እኚህ ሴት ዶንካ ለልጃቸው ከተዳረች ጀምሮ አንድም ቀን ምግቧን አመስግነው አያውቁም። «ይኼ ሾርባ ነው ወይስ የእግር መታጠቢያ?» «ቴሌቪዥን ላይ ስትወጪ ማን ያበስልልሻል?» ይሏታል። ዶንካም አፍ አላት፤ «ቢመርዎትም ሳህኑን ልሰውታል እማዬ» ትላለች። እሑድ እሑድ የሚበላው ምሳ ያለ እነዚህ ተረቦች አይወርድም ነበር።

አንድ እሑድ ግን እማማ ዛፊራ የባቄላ ሾርባቸውን ጸጥ ብለው ጨረሱ፣ አፋቸውን ጠረጉ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አሉና ተነሡ።

ዶንካ ማንኪያዋን ይዛ ደረጃው ላይ ደረሰችባቸው። «እማዬ፣ ምን ጎደለው?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«ምንም አልኩሽ። ውጪ ከመንገዴ፣ ጉልበቴን ያመኛል።»

ሰኞ ስትነግረኝ የካሜራዬን ገመድ እየጠቀለለች ትፈታ ነበር። «ኢስክራ፣ ሰድበውኝ ቢሆን እተኛ ነበር። ምን አብልቻቸው ይሆን ዝም ያሉኝ?»

መስከረም ገባ። መስከረም ሲገባ በኛ አገር በየጓሮው ቀይ ቃሪያ ይጠበሳል፤ ጭሱ ከተማውን ይሸፍነዋል። ልጣጩ ተገፎ ከቲማቲም ጋር ይፈጫል፣ በትልልቅ ድስት እየተማሰለ ሉተኒጻ እስኪሆን ይንተከተካል፣ በብልቃጥ ታሽጎ እስከ ፋሲካ በዳቦ ይበላል። ቤተሰቡ በሙሉ የሚደክምበት ሥራ ነው። ዶንካ በየዓመቱ ይህን በቀጥታ ስርጭት ስትሠራ ሴቶቹ ቴሌቪዥናቸውን በመስኮት ወደ ጓሮ አዙረው እኩል ከሷ ጋር ያማስላሉ።

ያን ቀን ድስቱ ለመውጣት ሲቃረብ ቀመሰች። በካሜራው ዓይኗን ሳየው ደነገጥሁ፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ገብቶ ግድግዳ የሚዳብስ ሰው ዓይን ነው።

«ትንሽ ጨው የጎደለው ይመስለኛል» አለች። አንድ እፍኝ ጨመረች። አማሰለች፣ ቀመሰች። ሎዛን ከጥግ ሆኖ ሰዓቱን ያሳያታል። «አሁንም ጎድሎታል፤ እናንተም አትሰስቱ!» አለችና ሁለተኛውን እፍኝ ዘራችው። ቀጥላም ደንግጣ ይሁን ዝምታውን ፈርታ፣ አላውቅም፣ ሦስተኛውን።

በማግስቱ የጣቢያው ስልክ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም።

«ባሌ ዳኑብን ጠጥቶ ሊጨርስ ነው!» አለች አንዷ።

«አማቼ ይህን ቀምሰው እንደ ዓሣ በጨው ልታደርቂኝ ነው፣ ልትገድይኝ ነው ብለው ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ» አለች ሌላዋ፤ እሷ እንኳ ደስ ያላት ትመስላለች።

አንዲት ግን አለቀሰች። ልጆቿ ውጭ አገር ናቸው፤ ለገና ሲመጡ የሚወስዱትን ነበር የሠራችው። ጓሮዋ ያፈራው ቃሪያ ሁሉ አልቋል። ዶንካ ያንን ስልክ ራሷ ይዛ ነበር። ከዘጋችው በኋላ ቢሮውን ከግድግዳ ግድግዳ ስትለካው ዋለች።

ሎዛን መፍትሔ አላጣም። «ጨው ነው ጥፋተኛው» አለ። «እኛ የተጠቀምነው ሻካራውን ጨው ነው፣ እናንተ ግን ደቃቁን ጨምራችሁ ነው ትያለሽ። በሳቅ ታልፊዋለሽ። አለቀ።»

«እነሱም እኔም የተጠቀምነው አንድ ዓይነት ጨው ነው እኮ» አለች ዶንካ።

«ማን ያጣራል? ሌላ ምክንያት ካለሽ ንገሪኛ።»

እኔን አየችኝ። ወለሉን አየሁ። «እሺ፣ ጨው ይሁን» አለች።

በሚቀጥለው ሐሙስ ስርጭቱ ሊጀመር ጥቂት ሲቀር ኦግኒያን እናቱን ደግፎ ኮሪደሩ ላይ ብቅ አለ። ለሥራ የሚለብሰውን ሰማያዊ ጃኬት እንዳጠለቀ ነው። እማማ ዛፊራ ጥቁር ሻርፓቸውን አጣፍተው ብልቃጥ ታቅፈዋል። ጣቢያችንን ረግጠውት አያውቁም።

ዶንካ ሽርጧን እያሰረች ወጣችና ስታያቸው ቀጥ አለች። «እማዬ? ማን ታመመ?»

አማቷ መልስ ሳይሰጡ ብልቃጡን ደቀኑባት። «ይኼን ዕወቂው።»

«ሉተኒጻ ነው።»

«ያንቺ ነው። እጅሽ አይረሳም ብዬ እንዳልሽው ሠራሁት፤ እፍኝ በእፍኝ። ዶሮዎቹ እንኳ ሸሹት።»

ዶንካ ብልቃጡን አየች፣ እሳቸውን አየች። «እርስዎ... እኔን ተከትለው?»

«ታዲያ ማንን ልከተል? ሐሙስ ሐሙስ ሌላ ምን አለ?» እማማ ዛፊራ ወደ ኦግኒያን ዞር ብለው፣ «አንተ አትሳቅ!» ካሉ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አፍንጫሽ ከሄደ ስንት ጊዜ ሆነው?»

ዶንካ ግድግዳውን ተደገፈች። «እንዴት አወቁ?»

«ወተቱ ተቃጥሎ ፎቅ ላይ ያለሁትን ሴት ሲያስነጥሰኝ፣ አንቺ ምድጃው ሥር ቆመሽ ታንጎራጉሪያለሽ። ምኑ ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ሾርባው ላይ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ምን ልበል? ዓይነ ስውርን እንቅፋት መታህ ብሎ መሳደብ አለ? የምተርብሽ ጤነኛ ስትሆኚ ነው።»

ኦግኒያን ሚስቱን ሊይዛት እጁን ዘረጋ፤ እሷ ግን አልፋው ሄደች፣ ተመለሰች፣ ሄደች። ሎዛን ከውስጥ «ጀመርን!» ብሎ ጮኸ።

መብራቱ በራ። ዶንካ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ካሜራዬ መከተል ሳያስፈልገው የቀረበት የመጀመሪያው ቀን ነው።

«ባለፈው ሐሙስ የሠራነው ሉተኒጻ ጨው በዝቶበታል» አለች። «ምክንያቱም ጨዉ ደቃቅ...» አቆመች። «አይ። ጨዉ ምንም አላደረገም። እኔ ነኝ። ከታመምኩ ጀምሮ አላሸትም፤ ጣዕምም በደንብ አይታወቀኝም። ስቀምስላችሁ የነበረው ውሸቴን ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የዘራሁትን ጨው እናንተ አምናችሁ ዘራችሁት።»

ሎዛን እጁን አንገቱ ላይ እያስኬደ ቁረጪ ይለኛል። አልቆረጥሁም። ጀግንነት አይምሰላችሁ፤ እጄ ደርቆ ነው።

ያን ጊዜ እማማ ዛፊራ ማንም ሳይጠራቸው፣ ሻርፓቸውን እንዳጣፉ፣ መብራቱ ውስጥ ገቡ። «አንቺ ልጅ፣ ፊቴን አታቅርቢው» አሉኝና ብልቃጣቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ቀጥለው ለከተማው ሁሉ ተናገሩ፤ «የደፋችሁ ደፍታችኋል፤ ሞኝ ናችሁ። ያልደፋችሁ ስሙ። ጨው የነካው ነገር አይጠፋም፣ ይደባለቃል። ያለ ጨው ሌላ ድስት ሥሩ፤ ቲማቲም ይብዛበት። ይኼን ጨዋማውን እያነሳችሁ በጭልፋ በጭልፋ ጨምሩበት። አንቺ ምን ቆመሻል፣ ቃሪያውን አትጠብሺም?»

ዶንካ ዓይኗን በክንዷ ጠረገችና ወደ ምድጃው በረረች።

በጭልፋ ስትጨምር አማቷ ይቀምሳሉ። «ባሕር» አሉ በመጀመሪያ። ቆየት ብለው «ሐይቅ» አሉ። መጨረሻ ላይ ምላሳቸውን አጣጥመው፣ «ይበላል። ከድሮውም ያንቺ ይኼን ያህል ነው» አሉ።

ዶንካ ሳቀች፤ ከነሐሴ ወዲህ ያልሰማሁት ሳቅ ነው።

ነገሩ ግን ሰው ሁሉ ይቅር ብሏት በዚህ አላለቀም። ያለቀሰችው ሴት ሁለተኛ አላይሽም ብላ ደውላለች፤ ቃሪያ ከየት ታምጣ? ዶንካ የራሷን ብልቃጦች ጭና ቤቷ ድረስ ሄዳ ነበር፤ ሴትየዋ በሩን አልከፈተችላትም፤ ዶንካም ደጃፉ ላይ ትታቸው መጣች። ሎዛን ተቆጥቶ ዝግጅቱን አቆመው፣ በምትኩ ስለ አትክልት ቦታ የተቀዳ ነገር አስገባ። ጥቂት ሐሙሶች አለፉ። ስልኩ ግን ይጮኽ ነበር፤ የሚጠይቁት ደግሞ ስለ አትክልት ሳይሆን ስለ «ሐይቅ ባይዋ ሴትዮ» ነው። ሎዛን እልኸኛ ቢሆንም ጆሮ አለው። በኅዳር ዶንካንና አማቷን አንድ ላይ ጠራቸው።

እማማ ዛፊራ በየሳምንቱ እየተነጫነጩ መጡ። ፀጉራቸውን ግን ይሠሩ ጀመር።

ከደወሉት መካከል እንደ ዶንካ የሆኑ ሰዎች ነበሩ፤ አንሰማም እንጂ ብዙ ናቸው። ከሲሊስትራ ከተማ አንድ ጡረተኛ፣ ራድኮ የሚባሉ፣ እንዲህ አሉ፦ «እኔ ካላሸተትሁ ሁለት ዓመቴ። ሚስቴ ታበስላለች፣ እኔ ግዴታውን እንደሚወጣ ወታደር እበላለሁ። እሷ ደግሞ ወጧ ያልጣመኝ እየመሰላት ትቀየመኛለች። ለኔ ቢጤ የሚበላ ነገር የለሽም?»

ዶንካ ያን ሰሞን ዕረፍት አጣች። አሁን ግን የምትሮጥለት ነገር ስላላት ነው። ማሽተት ለማይችል ሰው ምን ይቀረዋል ብላ ቤቷን የሙከራ ቦታ አደረገችው፤ በጥርስ የሚንኮሻኮሽ፣ አፍ የሚያቃጥል፣ የሚጎመዝዝ፣ ከትኩስ ጋር የሚቀርብ በረዶ የመሰለ። ኦግኒያን የተቆላ የዱባ ፍሬ ብዙ ቀን በልቶ ጥርሴ አለቀ ይላል። እማማ ዛፊራ «ጠጠር ነው የምታስቆረጥሚን» እያሉ ይበሉላታል።

አንድ ሐሙስ ይህን አቀረበችው፤ የቀዘቀዘ እርጎ ከሥር፣ ከላዩ ትኩስ የተጠበሰ ድንች፣ በጨው ውሃ ተዘፍዝፎ የኮመጠጠ ጎመን፣ የሚያቃጥል ቃሪያ፣ የተቆላ የዱባ ፍሬ። ራሷ ጎረሰች። በማይክሮፎኑ የቅርጨምታው ድምፅ ስቱዲዮውን ሞላው። ዓይኗን አልጨፈነችም። «ጣዕሙን እማዬን ጠይቁ» አለች፤ «እኔ ግን ጥርሴ ተደስቷል።»

በሳምንቱ ከሲሊስትራ ተደወለ። የደወሉት የራድኮ ሚስት ናቸው።

«አንቺ ዶንካ የምትባዪው አንቺ ነሽ?» አሉ በቁጣ።

«ነኝ እማማ። ምን አጠፋሁ?»

«ያንን የሚንቋቋ ነገር ሠራሁለት። ለሁለት ሰው ነበር እኮ! ዕቃውን ሳስቀምጥ፣ እጄን ስታጠብ፣ ስመለስ ትሪው ባዶ ነው። የኔን ድርሻ ጨምሮ በልቶታል፣ ሆዳሙ!» ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። «ይጨመርልኝ ይላል፤ ሰማሽ? ይጨመርልኝ አለኝ።»

ዶንካ ፊቷን በሽርጧ ስትሸፍን፣ እማማ ዛፊራ ከጎኗ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«ሴትዮ፣ ለሚቀጥለው ድንቹን አብዢው» አሉ፤ «የራስሽን ደግሞ ቀድመሽ አንሺ።»