ተሳላሚዋ ሚኒባስ

አስፋልቱ ገና ሳይመጣ፣ ከቢቸና ሞጣ ጠጠሩን እየቆረጠመች የምትመላለስ አንዲት ነጭ ሚኒባስ ነበረች። ባለቤቷ እትዬ ይርጋነሽ ነበሩ፤ የሚነዳት ደግሞ የኔሰው።

የኔሰው ቤተ ክርስቲያን አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው አልነበረም። ገና ጉልላቱ ብቅ ሲል ፍሬን ይይዛል፤ ቀኝ እጁን ከመሪው አንሥቶ ያማትባል፤ ከዚያ ማርሽ ለውጦ ይቀጥላል። በዚያ መንገድ ቤተ ክርስቲያኑ ብዙ ነውና ፍሬን መያዙም ብዙ ነው።

አንድ ሰሞን ሚኒባሷ ወደ ቀኝ መሳብ ጀመረች። ከቢቸና መውጫ በስተቀኝ ያለው ቤተ ክርስቲያን ጋ ሲደርሱ፣ የኔሰው እንደ ልማዱ ፍሬን ቢይዝ፣ አፍንጫዋን ወደ ቅጥሩ ዘንበል አደረገች። ቅቤ ነጋዴዋ ወለተ ኢየሱስ ከኋላ ሆና ስታይ ነበር።

"እሰይ፣ ተሳለመች" አለች።

ከዚያ ወዲያ ነገሩን ማን ይመልሰው። ሞጣ እስኪደርሱ ሚኒባሷ ክርስትና ሳትነሣ የቀረችው ስም የሚያወጣላት ጠፍቶ ነው።

ችግሩ መልስ ላይ ነበር። ከሞጣ ሲመጡ ያው ቤተ ክርስቲያን በስተግራ ይሆናል፤ ሚኒባሷ ግን አሁንም የምትሳበው ወደ ቀኝ ነው፣ ጀርባዋን ሰጥታ። ወለተ ኢየሱስ ለዚህም መልስ አላጣችም። ገበያ ውላ፣ ስንቱ ሲዋሽ ሰምታ፣ በምን ዓይኗ ትየው፣ አፍራ ነው አለች። ቅቤ ውስጥ ድንች ቀላቅለው የሸጡትም አብረው አቀረቀሩ። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ የሳይንስ መምህር ደግሞ የሚስባት የደወሉ ብረት መሆኑን ስለ ማግኔት እያነሣ አስረዳ። ደወሉ እኮ ድንጋይ ነው ቢሉት፣ ተጨማሪ ሪሰርች ያስፈልገዋል ብሎ መጽሐፉን ከፈተ።

መናኸሪያው ውስጥ ሌላው መኪና ባዶውን ሲጮኽ እሷ ጢም ብላ ትወጣለች። ተሳፋሪውም ከጊዜ በኋላ ማማተቡን ተወው። መኪናዋ ተሳልማለታለችና ምን አደከመው፤ ያንቀላፋል።

እውነቱን ለመናገር የኔሰውም መጀመሪያ ደስ ሳይለው አልቀረም። አንድ ቀን ግን ገላጣ ሜዳ ላይ አህያ መንገድ ገባችበትና ፍሬን ቢረግጥ፣ ሚኒባሷ ወደ ቀኙ ቦይ ዘወር አለች። ቤተ ክርስቲያን በአካባቢው የለም። 'አህያንም መሳለም ጀመረች ማለት ነው?' አለ በልቡ።

ነገሩን በዝግታ ያዘው። የጎማዎቹን አየር ለካ፤ እኩል ነው። የፊት ጎማዎቹን ቀኙን ለግራ፣ ግራውን ለቀኝ አቀያየረ። ችግሩ የጎማ ቢሆን መሳቡም አብሮ ወደ ግራ በዞረ ነበር፤ አልዞረም። ሜዳው ላይ መሪውን ላላ አድርጎ ሲለቃት ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ የምትሳበው ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነው። ሞጣ ሲደርስ ወርዶ የፊት ቸርኬዎቹን ዳሰሰ። የቀኙ እጅ ይጠብሳል፤ የግራው ሥራ እንዳልነካ ሰው ቀዝቃዛ ነው። የሚይዘው የቀኙ ፍሬን ብቻ ነበር።

ለእትዬ ይርጋነሽ ነገራቸው። እሳቸው ግን የኅዳር ጽዮንን ጉዞ ተቀብለዋል፤ ወደ መርጡለ ማርያም የሚሄዱት ማኅበርተኞች በተሳላሚዋ ካልሆነ አንሄድም ብለዋል።

"ፀጋዋን በመፍቻ ልትፈታው ነው?" አሉት። "ጋራዥ ያስገባሃት ቀን የሰው መኪና ፈልገህ ንዳ።"

የኔሰው ወደ መኪናዋ ተመለሰ። ልጆቹ የሚበሉት በዚህች መኪና ነው። ነገር ግን በመንገዱ ላይ ያለው ቁልቁለት፣ በስተቀኙ ያለው ገደል፣ በዚያ ላይ አንድ መኪና ሙሉ እናቶች ዓይኑ ላይ እየመጡ አላስቀምጥ አሉት። በዓሉ ሲቃረብ ሞጣ ወረፋ እየጠበቀ ሳለ መካኒኩ ውበቴ ዘንድ አስገባት። የግራው ፍሬን ፒስተን ዝጎ ተጣብቆ ተገኘ። ውበቴ አጸዳው፣ የጎማ ማሸጊያውን ጎሚኒ ለወጠ፣ ከፍሬን ዘይቱ መስመር አየሩን አስወጣ። ሥራውን ጨርሶ ሲያበቃ በእኔ ላይ እንዳይመጣ ብሎ አማተበ።

የጉዞው ዕለት ጠዋት፣ የኔሰው ሞተር ሳያስነሣ ለእትዬ ይርጋነሽ እውነቱን ተናገረ። እሳቸው ዙሪያውን ቃኙ።

"ማን ያውቃል?"

"እኔና ውበቴ።"

"እንግዲያው በእጅህ ትንሽ ዘንበል አድርጋት። ማን ይመራመርሃል?"

ከፊት ወንበር ገብተው ተቀመጡ። ማኅበርተኞቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላ ሞልተዋል። ከቢቸና ወጣ እንዳሉ ጉልላቱ ብቅ አለ፤ ሁሉም አንገቱን አሰገገ። የእትዬ ይርጋነሽ ክንድ የኔሰውን ጎሸም አደረገው። እሱ መሪውን በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ያዘ፤ እጄ ቢስትብኝስ ብሎ ማማተቡን እንኳ ተወው። ፍሬኑን ረገጠ። ሚኒባሷ ቀጥ ብላ ቆመች።

"ምነው ዛሬ፣ ምን ነካት?" አለች ከማኅበርተኞቹ መሃል ወለተ ኢየሱስ።

"ፍሬኗ ተበላሽቶ ነበር፤ ተሠራ" አለ የኔሰው ሳይዞር። "መሳለም የምትፈልጉ ውረዱ፤ እጠብቃችኋለሁ።"

ተያዩ። ውጭው ብርድ ነው፤ ሣሩ ጤዛ ይዟል። አንዷ ከዚሁም ይደርሳል አለች። ወለተ ኢየሱስ ግን እየተነጫነጨች ወረደች፤ ሌሎቹም አፍረው ተከተሏት።

እትዬ ይርጋነሽ ከወንበራቸው አልተነሡም። "ከመርጡለ ማርያም ስንመለስ ቁልፉን ታስረክበኛለህ" አሉት።

"እሺ፣ እትዬ" አለና እሱም ወርዶ ተሳለመ።

ከማኅበርተኞቹ ጋር ተመልሶ ሲገባ እትዬ ይርጋነሽ መንገዱን ያያሉ።

"ለመሆኑ ቁልቁለቱ ላይ ትይዛለች?"

"ትይዛለች።"

"በል፣ ንዳ" አሉ፤ አማተቡም።