የሚዛኑ ኮት

ሰው ከሳህ ተብሎ ከሥራ ሊባረር ነው ቢሏችሁ ታምናላችሁ? የትራክተሯ ሹፌርም በዓይኗ ባታየው ኖሮ አታምንም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በሴራሚክ መጋዘኑ ግቢ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ስልክ ከጆሮው የማይለየው አለቃ የሹፌሯን ታላቅ ወንድም ከትራክተሩ ኋላ አስወረደውና ከእግር እስከ ራሱ ተመለከተው።

«ትናንት የኋላው ጎማ ስንዝር ሙሉ ከመሬት ተነሳ። ምን ሆነህ ነው? ሱሪህ እኮ ሊወልቅ ነው።»

«ስኳር ነው ጌታዬ። ሐኪሙ ቀንስ ብሎኝ…»

«የቀጠረህ ሐኪሙ ነው ወይስ እኔ? እኔ የማውቀው የድሮውን ሰውዬ ነው። ወይ እንደ ድሮህ ትሆናለህ፣ ወይ ሌላ ወፍራም ሰው እፈልጋለሁ።»

ወንድሟ አንገቱን ደፍቶ «ይቅርታ» አለ። ይቅርታ! የሹፌሯን ደም ያፈላው የአለቃው ቃል ሳይሆን ይህቺ ይቅርታ ነች። የታመመ ሰው የሐኪሙን ምክር በመስማቱ ይቅርታ ሲጠይቅ ከማየት የባሰ ምን አለ?

ትራክተሩ ከፊቱ ሁለት ረጃጅም የብረት ሹካዎች አሉት። ሹካዎቹ ሴራሚክ በተደረደረበት የእንጨት ርብራብ፣ ፓሌት በሚሉት፣ ሥር ይገቡና ጭነቱን እንዳለ ያነሱታል። ታዲያ ከፊት ያን ያህል ሲነሳ ከኋላ የሚያመዛዝን ከባድ ብረት መታሰር አለበት፤ አለዚያ የኋላው ጎማ መሬት ይለቅና ትራክተሩ በአፍንጫው ይደፋል። አለቃው ግን ትራክተሩን ሲገዛ «ብረቱን ቀስ ብለን እናመጣለን» ብሎ ነበር። ቀስ እንዳለ አምስት ዓመት ሞላው።

ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ቀን ጎማው ሲነሳ፣ ያኔ ጫኝ የነበረው ወንድሟ ሮጦ ከኋላ ተንጠለጠለ። መቶ ሠላሳ ኪሎ የሚመዝን ሰው ነበርና ጎማው ተመልሶ ቁጭ አለ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። «ሚዛን ተገኘ!» ተባለ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ስሙም ሥራውም ሚዛን ሆኖ ቀረ። እሷም አብራ ስቃ ነበር። ያን ሳቋን ስታስታውስ ዛሬም ታፍራለች።

እሱ ደግሞ ሥራዬ ብሎ ያዘው። ከኋላ ጣውላ አስሮ፣ በጆንያ ትራስ ሠርቶ እንደ ሹመኛ ይቀመጥበታል። በእጁ ያረጀ መፍቻ ይይዛል። ኋላው ሰው ከሌለበት የጎማውን ክዳን፣ ፓራፋንጎውን፣ ሁለት ጊዜ ያንኳኳል፤ ያኔ እሷ ወደ ኋላ ትሄዳለች። አንድ ጊዜ ከመታ ትቆማለች። በአምስት ዓመት አንድም ሰው፣ አንድም ድመት ሳይነኩ ሠርተዋል።

ከመቀመጫዋ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ መመሪያ መጽሐፍ አለ። እዚያ ውስጥ ከትራክተር ኋላ የተቀመጠ ሰው ተሥሎ፣ ላዩ ላይ ቀይ መስቀል ተሰምሮበታል። አንድ ጊዜ ለአለቃው ብታሳየው አገላብጦ አየና «እሱማ የከለከሉት የሣሉት ሰውዬ ቀጭን ስለሆነ ነው» ብሎ ሳቀ። ጥርሱን ማውለቅ አማራት። ንዴቷን ዋጥ አደረገችው።

ከይቅርታው በኋላ በነበረው ሳምንት ጎማው አልተነሳም። ወንድሟ አንድ ረጅም አሮጌ ኮት ለብሶ መምጣት ጀመረ፤ በዚያ ሙቀት ላብ በላብ ሆኖ ይውላል እንጂ አያወልቀውም። አንድ ቀን ለምሳ ሲቀመጡ ግን አወለቀና ልብስ መቀየሪያ ክፍል ሰቀለው። ኮቱ ምስማሩን ከግድግዳው ነቅሎ ወደቀ። ወለሉ ላይ ሲያርፍ ክፍሉ ተንቀጫቀጨ።

ሹፌሯ በአንድ እጇ ልታነሳው ብላ አቃታት። ኪሶቹ በቡሎንና በዳዶ ተሞልተዋል። ገበሩ ውስጥ ዙሪያውን ሌሎች ኪሶች ተሰፍተው፣ እነሱም ውስጥ ሰባራ የፍሬን ሸራ፣ የበር ማጠፊያ፣ የሰንሰለት ቁራጭ ታጭቋል።

«ጋሼ፣ ምንድነው ይሄ?»

«ሃያ አንድ ኪሎ ነው» አለ፣ ቀስ ብሎ። «ልክ የጎደለኝን ነው የሞላሁት። ፋርማሲው በር ላይ ያለችው ሚዛን ላይ ወጥቼ አይቻለሁ።»

«ትራክተሩ ቢገለበጥስ? ይህን ሁሉ ተሸክመህ ዘለህ ልታመልጥ ነው?»

«አይገለበጥም እህት ዓለም። የምትነጂው አንቺ አይደለሽ?»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ወጥታ ሹካዎቹን መሬት አስነካች፣ ሞተሩን አጠፋች፣ ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ከዚያ ኮቱን በሁለት እጇ እየጎተተች፣ እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ አለቃው ቢሮ ገባችና ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ቡሎኑና ዳዶው ወረቀቱ ላይ፣ ሻዩ ውስጥ፣ ወለሉ ላይ ተበተነ።

«አበድሽ እንዴ?»

«ይቁጠሩት! የወንድሜ ሥጋ ነው። እርስዎ ከሳህ ስላሉት ብረት ለብሶ መጣ። ጭነቱን ከመሬት ብዙ ሳላነሳ፣ ወደ ኋላ አዘንብዬ፣ እንደ ኤሊ እየሄድኩ አምስት ዓመት ያቆየሁዎት እኔ ነኝ፤ ከእንግዲህ ግን በቃኝ። ሰው የብረት ምትክ አይደለም። ትክክለኛው ብረት እስኪታሰር ድረስ አንዲት ፓሌት አላነሳም። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነው።»

አለቃው ሻዩ ውስጥ የገባውን ዳዶ በማንኪያ አወጣ። እልኳ ይበርዳል ብሎ ሁለት ቀን ጠበቀ። ሦስተኛው ላይ ገዢዎች ሲጮኹበት ጊዜ ብረቱ መጣ፦ በሲሚንቶ የተሞላ፣ እንደ ቁም ሣጥን የሚያህል የብረት ሣጥን። ከትራክተሩ የኋላ ክንዶች ጋር በፒን ታሰረ። ሹፌሯ ከባዱን ፓሌት አንስታ ሞከረችው፤ ጎማው ንቅንቅ አላለም። በደስታ ወደ ወንድሟ ዞራ እጇን አወዛወዘች።

አለቃው በዚያው ሰዓት እሱን እያናገረው ነበር።

«እንግዲህ አየኸው፣ ብረቱ መጥቷል። ከነገ ጀምሮ አትምጣ። እህትህን አመስግናት።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች! ከትራክተሩ ወርዳ ይህን ስትሰማ ልትሰዳደብ ተንደረደረች፤ ወንድሟ ግን ክንዷን ያዛት። «ተይ፤ አንቺም ከለቀቅሽ ሁለታችንም ቤት ልንውል ነው?» አላትና መፍቻውን መቀመጫዋ ላይ አስቀምጦ፣ ባዶ ኮቱን በክንዱ አንጠልጥሎ ሄደ።

በማግሥቱ ጠዋት የጭነት መኪና ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ሹፌሯ መጋዘኑ ውስጥ አንድ ፓሌት ትንሽ ከፍ አደረገች፣ ሹካውን አዘነበለች፣ የኋላ ማርሽ አስገባች። እግሯን ስታነሳ ትራክተሩ የሚንቀሳቀስበትን ፍሪሲዮን እንደረገጠች ጠበቀች። ማንም አላንኳኳም። የመኪናው ሹፌር ክላክስ ነፋ። እሷ አሁንም ትጠብቃለች፤ አምስት ዓመት የለመደ እግር ያለዚያች ድምፅ አይለቅም።

ድንገት የሚያንኳኳ እንደሌለ ትዝ አላት። ዞር ብትል የሚታየው አዲሱ ሣጥን ብቻ ነው። ጭነቱን አወረደች፣ ፍሬን ያዘች፣ ሞተሩን አጠፋች፣ ወርዳ ወደ ኋላ ሄደች።

በሣጥኑና በግድግዳው መካከል፣ ከሣጥኑ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ አለቃው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። አንድ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ በሌላው ስልክ ያወራል።

«ጌታዬ!»

ዞረ። ሣጥኑን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጥሩምባ… ጥሩምባ አትነፊም እንዴ?» አለ።

«አንድ እግሬን ባነሳ ኖሮ እዚህ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ነበር!» ጮኸችበት፤ ጫኞቹ ሁሉ ሰሙ። «ብረት አያይም፣ ብረት አያንኳኳም! አምስት ዓመት ሙሉ ሥጋውን ብቻ ነው ያዩት፣ ዓይን እንዳለው አላዩም! አሁን መሬት ላይ ቆሞ፣ እኔ እያየሁት፣ መንገድ የሚያሳየኝ ሰው ያስፈልገኛል። ስልኩ እጅዎ ላይ ነው። ራስዎ ይደውሉለት።»

አለቃው ዙሪያውን ቃኘ። የሚያግዘው ሰው አላገኘም። ደወለ፤ በድንጋጤ ድምፁን ከፍ የሚያደርገውን ነካው መሰለኝ፣ የወንድሟ ድምፅ ለሁሉም ተሰማ።

«አቤት ጌታዬ።»

«እ… ሥራ አለ። ና፣ አሁኑኑ ና።»

ወንድሟ፣ ይቅርታ በጠየቀበት ቀን በነበረው የጥፋተኛ ድምፅ መለሰ።

«እሺ ጌታዬ፣ እመጣለሁ። ግን… ገና አልወፈርኩም እኮ።»