አባባ ጦር ሜዳ ሄዷል

«እና አባባን ልናመጣው የምንሄደው መቼ ነው?» አለች ልጅቷ፣ ለቅሶ ደራሽ በሞላው ሳሎን መሃል ጫማዋን አጥልቃ ቆማ።

ወሬው ቀጥ አለ። መስኮቱ ሥር የተቀመጡት የጎረቤት ሴትዮ የሻይ ብርጭቋቸውን አፋቸው ሳያደርሱ መለሱት። የሟቹ ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ቴርሞሱን እንደያዘች ወንድሟ ላይ አፈጠጠች። የልጅቷ አባት እሱ ነው፤ አባባ የምትለው ሟቹን አያቷን ነው። መሬት መሬቱን ያይ ጀመር።

በክንዱ ጎትታ ወጥ ቤት አስገባችው።

«ልጆቹን ምን ብለሃቸው ነው?»

«ምን ልበላቸው ታዲያ? አባባ የት ሄደ፣ አባባ የት ሄደ እያሉ ሲነዘንዙኝ ጊዜ፣ ጦር ሜዳ ሄዷል አልኳቸው።»

«ጦር ሜዳ!»

«ሁልጊዜ እዚያ አይደል የሚውለው? ከአፌ አመለጠኝ በቃ።»

«ሰውዬውን ቀብረን መጥተን! አሁን ግባና እውነቱን ንገራቸው።»

«እኔ አልችልም። አንቺ ንገሪያቸው፣ አንቺ ታውቂበታለሽ።»

ይኼ «አንቺ ታውቂበታለሽ» የሚባል ነገር ዕድሜዋን በልቷል። ጣራው ሲያፈስ እሷ ታውቅበታለች። አባታቸው አልጋ ላይ ሲውሉ እሷ ታውቅበታለች። ወንድምዬው ሹፌር ነው፤ አገር ምድሩን ሲያዳርስ ይከርምና፣ ሲመጣ ደግሞ ሁለት ልጆቹን ጥሎባት እግሩን ዘርግቶ ይተኛል። ቴርሞሱን ጠረጴዛው ላይ ደነቀረችው።

ከሳሎን ሹክሹክታው ይሰማታል።

«ዓይኗ እንኳ አልረጠበም እኮ።»

«ደንግጣ ነው።»

«ኧረ ተይኝ እቴ! ድሮም ልቧ ድንጋይ ነው።»

ይበሉ። እውነትም አላለቀሰችም። ከአባቷ ጋር ተኳርፋ የኖረች ሰው፣ ሞቱ ብላ ድንገት ከየት ታምጣው?

አባቷ ሰዓት ጠጋኝ ነበሩ። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ዓይናቸው ላይ መነጽር ሰክተው፣ ከጥቃቅን ብሎን ጋር ሲታገሉ ቃል አይወጣቸውም። እሑድ ሲመጣ ግን የሚችላቸው የለም። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የዱሮው ጦርነት የተካሄደበት ሜዳ አለ። አንድ ኮረብታ፣ አንድ ወንዝ፣ ዝናብ የሸረሸረው ምሽግና አንድ የዛገ መድፍ፣ ሌላ ምንም። እዚያ ይሄዱና ልጆቹን ይዞ ሊጎበኝ የመጣውን ሁሉ ያስቆማሉ። የማንም ሰው ልጅ ይሁን፣ «ኑ፣ እናንተ የግራው ክንፍ ናችሁ፤ እናንተ ደግሞ ጠላት!» ብለው ያሰልፋሉ። ምሽግ ውስጥ ያስተኛሉ፣ ዳገት ያስሮጣሉ። የሌላ ሰው ልጅ በደስታ ሲያብድ፣ የራሳቸው ልጆች ፀሐይ አናታቸውን እየበላው «አባዬ ራበን» ይላሉ። የሚሰማ የለም፤ ሁልጊዜ ጦሩ ወንዝ ሊሻገር ነው።

ይህንን ሁሉ ይቅር ብላ ነበር። ይቅር ያላለችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጅ ሳለች እናቷ ሞተች፣ ለእሷ ግን «ሆስፒታል ናት» ተባለ። በዚያው ሰሞን አባቷ እሷን ብቻ ይዘው ሜዳው ሄዱ። ከጠዋት እስከ ማታ የግራ ክንፍ፣ የቀኝ ክንፍ። ማታ እጇን ይዘው ቤት መለሷት። በማግስቱ አንዲት የክፍሏ ልጅ «እናትሽ ሞታለች አይደል?» አለቻት። ሚስቱን በቀበረ ሰሞን ስለ መድፍ የሚያወራ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

የወንድሟ ልጆች እንዲህ ከሰው አፍ እንዲሰሙ አትፈልግም። «ጦር ሜዳ እንሂድ» ብላ፣ መንገድ ላይ ራሷ ልትነግራቸው አስባ፣ ሁለቱንም እያንጠለጠለች አውቶቡስ ተራ ወረደች።

አውቶቡሱ ገና ከመነሳቱ ትንሹ፣ የልጅቷ ወንድም፣ ሽንቴ መጣ አለ። ወረዱ። በሚቀጥለው ተሳፈሩ። ልጅቷ የአያቷን ሹራብ ደረቷ ላይ አቅፋለች።

«ምን ያደርግልሻል እሱ?»

«ሳይለብስ ነው የሄደው። ብርድ ይመታዋል።»

«እሺ፣ ዝም ብለሽ ተቀመጪ!» አለች አክስትየዋ። ድምፅዋ ከፍ ማለቱ ለራሷም ታወቃት፤ ከፊት ወንበር አንድ ሰውዬ ዞሮ አያት።

ሜዳው እንደደረሱ ትንሹ እጇን አስጥሎ ሮጠ። «አባባ! አባባ!» እያለ ዳገቱን ወጣው። ልጅቷ ምሽጉን ከዳር እስከ ዳር አጎንብሳ ፈተሸች። የሜዳው ጥበቃ ባርኔጣውን አውልቆ «አባትሽ እንዴት ነው የሆኑት...» ሲል፣ በዓይኗ ቆጣ አለችውና ዋጠው። ልጆቹን ጠርታ ምሽጉ አፋፍ ላይ ግራና ቀኝ አስቀመጠቻቸው።

«ስሙኝ» አለች። «አባባ...»

ልጆቹ አንጋጠው ያዩዋታል።

«አባባ... ያ ኮረብታ ይታያችኋል? የጠላት መድፍ እዚያ ነበር። የግራው ክንፍ ደግሞ እዚህ፣ እኛ የተቀመጥንበት። ሌሊቱን በሆዳቸው ተኝተው ነው ያደሩት፣ ማንም እንዳይስል ተብሎ። መልእክተኛው ሲዘገይባቸው...»

ቃል በቃል ታውቀዋለች። ወንዙን አሻገረች፣ ፈረሰኛውን አመጣች፤ ማቆም አቃታት። እያወራች ሳለ በራሷ ድምፅ ውስጥ ያኔ እጇን ይዘው ያወሩ የነበሩትን የአባቷን ድምፅ ሰማች። ለካ ያን ቀን ሙሉ የእናቷን ሞት ሊነግሯት ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ቃል ሲፈልጉ ነው የዋሉት፣ ባይሆንላቸው ነው እንጂ። አባቷን ዕድሜ ልክ ያኮረፈቻቸው በዚህ ነበር።

«አባባ እዚህ የለም» አለች። «ሞቷል። ታሞ ነው የሞተው። ቀብረነዋል። ከእንግዲህ አይመጣም።»

«መድፍ መታው?» አለ ትንሹ።

«አይ የኔ ጌታ። አርጅቶ ነበር።»

ትንሹ ጭኗ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ፊቷ ቀላ።

«አባዬ ለምን ዋሸን?»

«ፈርቶ ነው።»

«አንቺስ?»

«እኔም ፈርቼ ነው። መንገድ ላይ ልነግራችሁ ነበር፣ አልቻልኩም።»

ይህን ስትል እንባዋ መጣ፣ ያውም ንፍጥ የቀላቀለ፣ ማቆሚያ የሌለው። መሀረብ አልያዘችም። እጅጌዋን ተጠቀመች። ጥበቃው ፊቱን አዞረላት።

ልጅቷ ወደ ኮረብታው ዞረች።

«ጨርሺው» አለች።

«ምኑን?»

«የግራውን ክንፍ። መልእክተኛው መጣላቸው?»

አክስትየዋ ሊሆንላት አልመሰላትም። ቢሆንም እጇን አንስታ ወደ ኮረብታው ጠቆመች። «በዚያ... በዚያ በኩል መጣ» አለች። እጇ እየተንቀጠቀጠ መድፉ ይሁን ወንዙ፣ የምታሳየው አልለይ አለ። ልጅቷ ሹራቡን መሬት ላይ አስቀመጠችና የአክስቷን ክርን ከሥር ደገፈችላት።